በሰው ጡት ላይ የተቀመጠ ስብሰባ

እስከዛሬ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የልብስ ልክ ነው፤ ወገብ፣ ደረት፣ የእጅጌ ርዝመት። ከዚያ ያለፈ ሞክሬ አላውቅም። አሁን የምሞክረው ተናድጄ ነው። ሰው ፊት መናገር ድሮም አይሆንልኝም። ቢጣመም እያቃናችሁ አንብቡት።

ነገሩ የእትዬ ጥሩምባ ነው። እትዬ ጥሩምባ የስፌት ቤታችን ሰው ናት፤ መኪናዋ ከእኔ መኪና አጠገብ ነው። ስሙን ያወጣንላት በድምጿ ነው። በር ላይ ሆና "እንዴት አደራችሁ!" ስትል፣ ከጓዳ ካውያ የያዙት ተኳሾች ሳይቀሩ "ደህና!" ይላሉ። ሥራዋ የቁልፍ ቀዳዳ ነው። ቀላል ይመስላል። ቀዳዳው ከሰፋ ቁልፉ ሾልኮ ይወጣል፣ ከጠበበ ደግሞ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከእናቱ ጋር ይጣላል። እኛ የምንሰፋው የደንብ ልብስ ስለሆነ፣ የተማሪ፣ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ ሁሉም በእሷ እጅ ሳያልፍ አይወጣም።

አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። "እሱ ዝምታ ይወዳል፣ እኔ አልወድም፣ በሰላም ተለያየን" ትላለች። ልጅ አልወለደችም። ግን የወንድሟ ሚስት ስትሞት ልጆቹን ሰብስባ ቤቷ አስገባቻቸው። ቀን እዚህ ቀዳዳ ስትሰፋ ትውላለች፣ ማታ የእነሱን ደብተር ስትቆጣጠር ታመሻለች። አሁን አድገው የራሳቸውን እንጀራ ይበላሉ፤ "እማ" ነው የሚሏት። ወንድሟን እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ትልቅ ሰውዬ፣ በር ሲያልፉ ጎንበስ የሚሉ።

እንግዲህ ሆስፒታሉ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሴቶች ኑና ጡታችሁን ተመርመሩ ብሎ በየመሥሪያ ቤቱ አስነገረ። አለቃችን በተራ በተራ ላከችን። ይሄንን እንኳ አመሰግናታለሁ። እትዬ ጥሩምባ ምንም የሚያማት ነገር አልነበረም። እብጠት የለ፣ ቁስል የለ። "የተኛ ነገር ሄጄ ልቀስቅስ?" እያለች ነው የሄደችው። ስትመለስ መሃል ወለል ላይ ቆማ በሁለት መዳፏ አሳየችን።

"በሁለት ሰሌዳ መሃል አስገብተው እንደ ኮሌታ ተኮሱት! ይሄን ማሽን የሠራው ወንድ ካልሆነ ምን አለ በሉኝ።"

"ስሙ ማን ነው?" አለቻት አንዷ።

"ማሞግራም። ለአፍም አይመች ለጡትም አይመች።"

ሳቅን። ሆስፒታል ስልክ ሲጠይቋት የስፌት ቤቱን ነው የሰጠችው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ የየራሳችንን ስልክ ጠዋት በር ላይ ባልዲ ውስጥ ጥለን ነው የምንገባው። የቤቱ ስልክ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነሳው አለቃችን ናት።

ሆስፒታሉ ደወለ። ይሄንን ኋላ ነው የሰማሁት። ሲስተሯ ያለችው፣ በግራ ጡቷ ፎቶ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ታይቷል፤ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሆን ይቀራል፣ ግን ለማጣራት ድጋሚ ትነሳ፣ በዚህ ቀን ትምጣ። በቃ። ትምጣ ነው የተባለው። ሞተች አልተባለም።

እኛ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ድሮ አንዷን ልጅ መኪናዋ ላይ እንዳለች "እናትሽ ሞቱ" አሏት፤ እግሯ ከመርገጫው ሳይነሳ መርፌው በጣቷ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ መኪና ላይ ላለ ሰው አይነገርም ተባለ። መጀመሪያ ለዘመድ ይነገራል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ከሥራ በኋላ በር ላይ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ይነገራታል። ደግ ልማድ ነው፣ ምንም አልልም። ግን ለሞት የተበጀ ነው። አለቃችን ጥላ የሚለውን ቃል ስትሰማ ሞት አድርጋ ሰማችው። የሐኪም ቀጠሮን እንደ መርዶ ያዘችው።

እና ለዘመድ ደወለች። ጋሼ መኪናቸውን ከግቢ ውጭ አቁመው መጡ። በኋላ በር አስገባቻቸው።

"እንዳትነግሯት" አሉ። "ሚስቴን የገደላት በሽታው አይደለም፣ መስማቷ ነው። በነገሯት በሳምንቱ ወደቀች። እህቴን አልቀብርም።"

ይሄው ነው። የሚያስኬዳት ሰው ጠፋ፣ የሚያስቀራት ሰው ግን በዛ። ቀጠሮው አለፈ። ሆስፒታሉ ደግሞ ደወለ፤ "እሺ እንነግራታለን" ተባለ። ወሬው ግን ስፌት ቤቱን ዞረ። ተኳሿ ሰማች፣ ቆራጯ ሰማች፣ ክር የምታቀርበው ሳትቀር ሰማች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባለጡቷ ብቻ አልሰማችም። እና እኔ። ለእኔ ያልነገሩኝ ፊቴ ወሬ አይይዝም ብለው ነው።

ያን ሰሞን ቤቱ ሁሉ ማር ሆነ። አንዷ የወንበሯን ትራስ አንስታ ለእትዬ ጥሩምባ ሰጠቻት። ሌላዋ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ አየር ነው አለቻት። በካውያ የምትጣላት ተኳሽ "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እደርሳለሁ" ማለት ጀመረች። ይቺ ተኳሽ እናቷንም አታስቀድም።

እትዬ ጥሩምባ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ "ዝምተኛዋ፣ ምንድን ነው ጉዱ?" አለችኝ።

"እኔንጃ፣ እትዬ።"

ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ሴቶች! ሎተሪ ወጥቶልኝ ነው ወይስ ልሞት ነው?" አለች።

የሳቀ የለም። ሁሉም መኪናው ላይ አቀረቀረ። እኔ ሞኟ፣ ሥራ ስለበዛ መስሎኝ ነበር።

ሥራ በዝቶም ነበር እኮ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የሸሚዙ ክምር እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሷል፤ እትዬ ጥሩምባ ከሌለች ደግሞ ቀዳዳ የሚሰፋ ሰው የለም። አለቃችን ይሄን አስባ ነው ብዬ አልምልም። አላሰበችውም ብዬም አልምልም።

የሸሚዙ ትዕዛዝ ተጭኖ በወጣ ማግስት አለቃችን ጨርቅ ልትገዛ ሄደች። ስልኩ ጮኸ። እትዬ ጥሩምባ ክር ልትወስድ ጠረጴዛው ጋ ቆማ ስለነበር አነሳችው። ተኳሿ "ተዪው እኔ..." ብላ ከጓዳ ብትሮጥም አልደረሰችም።

"ሃሎ። አዎ፣ ስፌት ቤት ነው... እሷን ለምን ፈለጋችኋት?... የምን ቀጠሮ?... ደጋግማችሁ? ለማን?..." ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ "የኔ እህት፣ እኔው ነኝ" አለች።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ስልኩን በቀስታ አስቀምጣ ዞረች።

"ማን ነው የሚያውቀው?"

ተኳሿ ማልቀስ ጀመረች፤ ያ ራሱ መልስ ነው።

"ሁላችሁም?" ወደ እኔ አየች። "አንቺም?"

አላውቅም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ለእሷ አልነገርናትም" አለች ቆራጯ፣ እኔን የምታመሰግን መስላ።

እትዬ ጥሩምባ የተሰጣትን ትራስ ከወንበሯ ላይ አንስታ ለባለቤቷ ወረወረችላት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"በማን ጡት ላይ ነው ስብሰባ የተቀመጣችሁት?" አለች።

አለቃችን ስትመለስ እትዬ ጥሩምባ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትጠብቃት ነበር።

"ለደግ ብለን ነው" አለች አለቃችን። "ደንግጠሽ አንድ ነገር ብትሆኚስ? ወንድምሽም አትንገሯት አሉ።"

"ወንድሜ ጡት አለው?"

"እንደሱ አይባልም እንጂ... ዘመድ ነው የሚወስነው ብዬ..."

"ሸሚዞቹ ሄዱ አይደል?"

አለቃችን ፊቷ ተለዋወጠ። "እኔ ሸሚዝ ትዝ ብሎኝ አይደለም!"

"እኔ ግን ትዝ አለኝ" ብላት ወጣች።

እስከዛሬ አለቃችን ይቅርታ አላለችም። "ለደግ ነው" እንዳለች ናት። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ደግ የሚሉት ነገር ነው። ደግ ከሆናችሁ ትራስ መስጠቱን ትታችሁ መንገድ አትሰጧትም ነበር? አብራችኋት አትሄዱም ነበር? ሴትየዋ ሰው የቀበረች፣ የሰው ልጅ ያሳደገች፣ ባሏን በሳቅ የሸኘች ናት። አንድ "ድጋሚ ነይ" የሚል ቃል ነው የሚገድላት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ፍርሃቱ የእነሱ ነበር፤ ስሙን የእሷ አደረጉት።

ጋሼ ያን ቀን ማታ ቤቷ መጡ። እኔ አብሬያት ነበርኩ፤ ብቻዬን ልሁን ስላላለች አልሄድኩም። እሳቸው በሩን እንደከፈቱ ነገሩ ከፊቴ ገብቷቸው እዚያው ቀሩ።

"ግባ" አለቻቸው። "ሹፌር አይደለህ? ቀይ መብራት ቢበራብህ በጨርቅ ሸፍነህ ትነዳለህ?"

"እቱ..."

"ትነዳለህ ወይ?"

"አልነዳም።"

"እኔን ግን ነዳኸኝ።"

ጋሼ ተቀመጡ። ያን የሚያህል ሰውዬ ወንበሩ ላይ አነሱብኝ። "ፈራሁ" አሉ። "እሷ ስትሞት ያየሁትን አንቺም አይተሻል።"

"አይቻለሁ። እሷን የገደላት መስማቷ አይደለም፤ ዘግይታ መስማቷ ነው። ያኔም 'አትንገሯት' ያልከው አንተ ነህ።"

ይሄንን ስትል እኔ ወለሉን አየሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን፣ ሦስታችንም። ጋሼ አትምጣ ብትላቸውም ከኋላ ከኋላ መጡ። የመዝገብ ክፍሉ መስኮት ትንሽ ናት፤ ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲለምን የተሠራች ትመስላለች። ውስጥ ያለው ጎልማሳ ኮምፒውተሩን አየና፦

"ቀጠሮዎ አልፏል።"

"እኔ ግን አላለፍኩም፣ ይኸው።"

"እናቴ፣ ደውለን ተናግረናል።"

"ለማን?"

"በዚህ ስልክ።"

"ለስልኩ ነገራችሁት? ስልኩ ጡት አለው?"

ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "አዲስ ቀጠሮ ከተባለ የሚገኘው ከክረምት በኋላ ነው" አለ። እንደ ዝናብ ወሬ ነው የተናገረው። ሲነገር ላልደረሳት ሰው፣ ሲደርሳት ደግሞ አልፎሻል የሚባል ነገር! ማን ነው ያሳለፈባት? ስሟን ይዘው የደወሉ፣ "ራስሽ ነሽ ወይ" ብለው አንድ ጊዜ ያልጠየቁ አይደሉም?

ይሄን ሁሉ በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ የወጣው "ባክህ ወንድሜ" ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩምባ ግን ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ መሃል ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "እኔ ክረምቱን እዚሁ አሳልፈዋለሁ" አለች፤ በዚያ ድምጿ። "ስትፈልጉኝ የምታጡኝ እንዳይሆን። አሁን በአካል አለሁ!" ከየክፍሉ ራስ ብቅ ብቅ አለ። አንዷ ሲስተር ፋይል ታቅፋ ወጣች።

"ይሄን ድምፅ ትናንት በስልክ ሰምቼዋለሁ" አለች።

"ያንቺንም አውቄዋለሁ። 'ደጋግመን ደውለናል' ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ሲስተሯ አፈረች። "የቅርብ ሰውዋ ነኝ ሲሉኝ አምኜ ነው። እርስዎን አገናኙኝ ማለት ነበረብኝ" አለች። ከሁሉም ጥፋቴ ነው ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ አልወቅሳትም። ገብታ ተነጋግራ ተመለሰች። "ከሰዓት በኋላ አንዲት ታካሚ ቀርተዋል። በእሳቸው ቦታ ይግቡ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ይል ነበር። እትዬ ጥሩምባ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"እሷስ ለምን ቀረች? ነግራችኋታል?"

"ማለት..."

"ለራሷ ነው የነገራችኋት ወይስ ለስልኳ?"

ሲስተሯ ፋይሉን ገልጣ አየች፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ሄደች። ቆማ ስትደውል አይተናታል። ማን እንዳነሳው አላወቅንም።

ተራዋ ሲደርስ ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ወጣት ነው፣ ልጇ ቢሆን ይደርሳል። "ቤተሰብ አለ?" ሲል ጋሼ ተነሱ። "ይምጡ፣ ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። እሳቸው ትንሽ ይቆዩ።"

አያችሁ? እዚያም! ሰው ከሞት ቢያመልጥ ከዚህ ልማድ አያመልጥም ማለት ነው?

"ወንድሜ፣ ቁጭ በል" አለች እትዬ ጥሩምባ። "ዶክተር፣ ታካሚዋ እኔ ነኝ። የሚጻፈው የእኔ ስም ነው፣ የሚያመው እኔን ነው። የምታወራው ካለ ለእኔ አውራ። ሰው ካስፈለገኝ እኔ እጠራለሁ።" እኔን ጠራችኝ። "ዝምተኛዋ፣ ነይ። አንቺ ታዳምጫለሽ።"

ዶክተሩ ጥፋቱ ገባው መሰለኝ፣ "ልክ ነዎት" ብሎ በሩን ያዘልን።

ያንኑ ጡት ደግሞ በሰሌዳዎቹ መሃል አስገቡት፣ አሁን ጠበቅ አድርገው፣ በየጎኑ። ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝተው ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩት። ስክሪኑ ላይ ዶክተሩ በጣቱ አሳያት፤ ምስር የሚያህል ጥቁር ነገር። "በመርፌ ትንሽ ቆንጥረን ለምርመራ እንልካለን" አላት። አደንዝዘው መርፌውን ሲያስገቡ እጄን ያዘች። እትዬ ጥሩምባ ቀልድ አላመጣችም። እኔም እጇን ጨበጥኩት።

ስንወጣ መስኮቱ ጋ ሄዳ መዝገቡ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር አስለወጠች። "ይሄ የእኔ ነው። ሌላ ሰው ቢያነሳው እንኳ ዝጉበት።" ከዚያ ወዲያ ስልኳን ባልዲው ውስጥ አላስገባችም። አለቃችን አየቻት፣ አላየሁም አለች።

ውጤቱ ደረሰ ተብላ ስትጠራ፣ ራሷ ናት ያነሳችው፣ ራሷ ናት "እመጣለሁ" ያለችው። ጋሼም ለምነው መጡ። "ውጭ እቀመጣለሁ፣ አልገባም" ብለው ነው የመጡት። እኛ ገባን።

ዶክተሩ አላወላወለም። ካንሰር ነው አለ። ትንሽ ነው፣ ገና አልተሰራጨም የሚል ተስፋ አለን፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ ሕክምና ይከተላል። እትዬ ጥሩምባ "ቀስ ብለህ ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት። "አሁን ደግሞ እኔ ልበልልህ፣ ከሳትኩ አርመኝ" ብላ መልሳ ነገረችው። አልሳተችም።

"ያኔ በተጠራሁበት ቀን ብመጣ ኖሮስ?"

ዶክተሩ እጁን አየ። "ለውጥ ያመጣ ነበር ወይ ቢሉኝ፣ እሱን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም።"

ይሄ ቃል ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ገደሏት እንዳልል አልሞተችም። አልጎዷትም እንዳልል ማን ያውቃል? ለደግ ብለው የወሰዱባትን ቀን የሚመዝን ሚዛን የለም፤ ስለሌለም ሁሉም ንጹሕ ነኝ ብሎ ይተኛል። አለቃችን ትተኛለች። እኔ ነኝ የማልተኛው።

ለቀዶው ምርመራ ደም ስጪ ተብላ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዷት። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ስወጣ ጋሼ ከአግዳሚው ተነሱ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨምድደውታል።

"ምን አሏት?"

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም አፌ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ መመለስ ነው የለመድኩት። ዓይናቸውም ያሳዝን ነበር።

"እሷን ይጠይቋት፣ ጋሼ" አልኩ።

"አንቺ ንገሪኝ እንጂ፣ እሷ..."

"አልነግርዎትም። የእሷ ነው።"

ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ሳትቆይ እትዬ ጥሩምባ እጇን አጥፋ፣ ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛ መጣች። ጋሼ ተነሱ።

"ምን... ምን አሉሽ፣ እቱ?"

እሷ መጀመሪያ ከእኔ ቦርሳዋን ተቀበለች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ካንሰር ነው። ትንሽ ነው። ሰኞ ይወጣል። ወድቄያለሁ?"

"አልወደቅሽም" አሉ ጋሼ፣ እንባቸው እየወረደ።

"ለልጆቹ ዛሬ ማታ እኔ ነኝ የምነግራቸው፣ በራሴ አፍ፣ ሁሉንም። እስከዚያ አንተ የምትችልበትን ሥራ፤ ዝም በል።"